ዳሌ ሳይለካ የተገዛ ዳይፐር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የክሊኒኩ ቁልፍ ጠፍቶ እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት በረንዳ ላይ ቆሜያለሁ። ጥበቃው ቁልፉ ስቶር ነው አለኝ። ስቶር ኪፐሩ አስተዳደር ነው አለኝ። አስተዳደሮቹ ደግሞ ጥበቃውን ጠይቂ አሉኝ። በመጨረሻ የጽዳት ሠራተኛዋ ከጋውኗ ኪስ አወጣችው። ክሊኒኩን መጥረጊያና ባልዲ ታስቀምጥበት ነበር።

ፋብሪካው ቂሊንጦ ያለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው፤ ስሙን አልጠራም። እኔ የሺ እባላለሁ፤ ሠራተኛው የሚያውቀኝ ግን ሲስተር በሚለው ነው። ከዚያ በፊት አቃቂ በአንድ ጤና ጣቢያ ለረጅም ጊዜ በነርስነት ሠርቻለሁ። ፋብሪካው ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ቆይቼ ጡረታ ወጣሁ። አሁን በየፋብሪካው ክሊኒክ ያሉ ነርሶች እየደወሉ "ሲስተር፣ የአዋቂ ዳይፐር የትኛው ይሻላል?" ይሉኛል። "ለማን?" ስላቸው ወሬ ይቀይራሉ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው፤ በስልክ ስመልስ ሁልጊዜ ስለምናደድ።

በመጀመሪያው ቀን ቁምሳጥኑን ስከፍት ያገኘሁት ፓራሲታሞል፣ የጨጓራ ኪኒን፣ አዮዲን፣ ፋሻ፣ ጎማው የተቀደደ የደም ግፊት መለኪያና ተከፍቶ የተተወ አንድ እሽግ ሞዴስ ነው። ያን እየቆጠርኩ የምርት ክፍል ኃላፊው አቶ ሰለሞን ገቡ። ወጣት ናቸው፣ ሲናገሩ ሰዓታቸውን ያያሉ።

"ሲስተር፣ እዚህ ያለው በሽታ ሁለት ነው" አሉኝ። "ራስ ምታትና ውሸት። ሁለተኛውን ከለዩልን ይበቃናል።"

ፋብሪካው በላይን የተከፈለ ነው። አንድ ላይን አርባ የሚያህሉ ኦፕሬተሮች አሉት፤ እያንዳንዷ በአንድ ማሽን አንድ ሥራ ትሠራለች፤ አንዷ እጅጌ፣ አንዷ ኪስ፣ አንዷ ጠርዝ። በላያቸው ሱፐርቫይዘር አለ። ሽንት ቤት የሚኬደው በካርድ ነው። ለአንድ ላይን አንድ አረንጓዴ ካርድ አለ፤ እሱን አንገቷ ላይ ያጠለቀች ትሄዳለች፣ ሌላዋ እስክትመለስ ትጠብቃለች። ሱፐርቫይዘሩ የወጣችበትንና የገባችበትን ደቂቃ ይጽፋል።

ካርዱ ያመጣውን ነገር ለማየት ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም። ሴቶቹ ውኃ መጠጣት አቁመዋል። መዝገቤ ላይ "ሽንት ስሸና ያቃጥለኛል" የሚለው ቃል በየገጹ አለ። በየወሩ ሪፖርት ጻፍኩ፣ ካርዱ ሁለት ይሁን ብዬ ጠየቅሁ። አንድ ወር ላይ ከሪፖርቱ ግርጌ "ይህን ያነበበ ሰው በውስጥ መስመር ይደውልልኝ" ብዬ ጻፍኩ። የደወለ ሰው የለም።

በሦስተኛው ዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሠራተኛው ሲወጣ፣ ከመውጫው በር ስልክ ተደወለ። ፈታሿ ናት።

"ሲስተር፣ ቶሎ ይምጡ። ሌባ ይዘናል።"

"ሌባ ከያዛችሁ ነርስ ምን ታደርጋለች?"

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ጨርቁ እርጥብ ነው" አለችኝ።

መፈተሻ ክፍሉ ውስጥ ዝናሽ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ዝናሽ በላይን ስድስት ኦቨርሎክ በሚባለው የጠርዝ መስፊያ ማሽን ላይ የምትሠራ ኦፕሬተር ናት። አዲስ ሞዴል ሲመጣ ናሙናው የሚሰጠው ለእሷ ነበር፤ እጇ እንደዚያ ነው። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ኮዬ ፈጬ ከባሏና ከሁለት ዓመት ልጇ ጋር ተከራይታ ትኖራለች። ጠረጴዛው ላይ አራት ቁራጭ የጥጥ ጨርቅ አለ፤ ከመቁረጫ ክፍል የሚጣለው ዓይነት፣ በጥንቃቄ የታጠፈ። ከቀሚሷ ሥር ነው የተገኘባት። የሰው ኃይል ኃላፊዋም መጥታለች።

"ሰርቄያለሁ" ትላለች ዝናሽ። "ጻፉና ልፈርም።"

ሁሉንም አስወጣሁና በሩን ዘጋሁ።

"ዝናሽ፣ ይሄ ምንድነው?"

"ጨርቅ ነው።"

"ለምን ረጠበ?"

ወለሉን እያየች፣ "ልጄን ከወለድኩ ጀምሮ ሽንቴ ያመልጠኛል" አለችኝ። "ሳስል ያመልጠኛል። ስነሳ ያመልጠኛል። ካርዱ ተይዞ ስጠብቅማ አይነገርም።"

"ታዲያ ይህን ተናግረሽ አትድኚም? ሌባ ብለው ሊያባርሩሽ ነው እኮ።"

"ሌባ ከተባልኩ ሌላ ፋብሪካ እገባለሁ። ይሄ ከተሰማ ግን ሰርቪስ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው አይኖርም።"

ተናደድኩ። በእሷ ተናደድኩ፣ በፈታሿ ተናደድኩ፣ ከሁሉ በላይ በራሴ ተናደድኩ። ብሽሽቷን ሳየው ተላልጦ ቀልቷል። ክሊኒክ ተመልሼ መዝገቡን ስገልጥ ስሟን ዘጠኝ ቦታ አገኘሁት። ዘጠኙንም ጊዜ ራሴን አሞኛል ብላ መጥታለች። ዘጠኙንም ጊዜ ፓራሲታሞል ሰጥቻት ሸኝቻለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ "ሌላስ?" አላልኳትም።

ፈቃዷን ጠይቄ ደብዳቤ ጻፍኩላት። "ጨርቁን የያዘችው ለጤና ጉዳይ ነው፤ ክሊኒኩ ማቅረብ የነበረበትን አላቀረበላትም" ብቻ አልኩ። ምክንያቱን አልዘረዘርኩም። ስንብቱ ቀረና የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሆነ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ የማስጠንቀቂያውን ኮፒ እየሰጠችኝ፣ "ሲስተር፣ ሁለተኛ ጨርቅ ከተገኘባት እኔ ምንም ማድረግ አልችልም" አለችኝ። በእርግጥም አትችልም ነበር።

ሆስፒታል ሪፈር ጻፍኩላት። ፊስቱላ አይደለም አሏት፤ ምጡ ረጅም ስለነበር ሽንት የሚይዘው ጡንቻ ላልቷል። የሚሠራ እንቅስቃሴ አሳይተው ለወራት ቀጠሯት። እስከዚያ ድረስ ግን በየቀኑ ሰርቪስ ትሳፈራለች፣ በየቀኑ ማሽን ላይ ትቀመጣለች። የምትለብሰው ነገር ያስፈልጋታል። እኔም ቀላል ነገር መስሎኝ የግዢ መጠየቂያ ሞላሁ፣ በሦስት ኮፒ። "የአዋቂ ዳይፐር" ብዬ ጻፍኩ።

የግዢ ክፍሉ ሠራተኛ ምናሴ ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም። በሳምንቱ አንድ ካርቶን ተሸክሞ መጣ። ከፈትኩት፤ ሽፋኑ ላይ የሚስቅ ሕፃን አለ።

"ምናሴ፣ አዋቂ የሚለውን ቃል አላየኸውም?"

"አይቼዋለሁ። ግን ሲስተር፣ አዋቂ ዳይፐር ይለብሳል እንዴ? የተሳሳቱ መሰለኝ። ደግሞ ትልቁን ቁጥር ነው ያመጣሁት።"

ሌላ ቅጽ ሞላሁ። "አዋቂ" የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ይህኛው ሁለት ሳምንት ፈጀ። ያመጣው በእርግጥ የአዋቂ ነው፤ ግን በጎንና በጎን በማጣበቂያ የሚታሰር፣ አልጋ ላይ ለተኛ ሕመምተኛ የሚሆን፣ ያውም ትልቁ ቁጥር። ዝናሽ ቀጭን ናት። ለብሳው ስትራመድ ኮሽ ኮሽ ይላል። የዩኒፎርሙ ሱሪ አልዘጋ አላት። ጭኗ ላይ ክፍተት ስላለው የመጣው ሁሉ በጎን ይወርዳል። ሽንት ቤት ስትሄድ ማጣበቂያውን ፈታ መልሳ ለማሰር ስትታገል ካርዱን ረጅም ጊዜ ያዝሽው ብለው ተቆጧት።

"ለምን ትልቁን አመጣኸው?" አልኩት ምናሴን።

"ትልቅ ሰው ነው ብለውኝ።"

"ዕድሜዋን እኮ አይደለም የነገርኩህ።"

"ታዲያ ልኳን አልጻፉም።"

እዚህ ላይ ሰውየው እውነቱን ነው። ልኳን አልጻፍኩም። አልለካኋትም ነበርና። ሰፊዎች በሞሉበት ፋብሪካ፣ ግድግዳው ሁሉ ሜትር በተንጠለጠለበት ቤት፣ አንድ ሰው እንኳ የሴትየዋን ዳሌ አልለካም።

በሦስተኛው ጊዜ ወፍራም ሞዴስ አመጣ። ሞዴስ የተሠራው ለወር አበባ ነው። ደም በዝግታ ነው የሚመጣው፤ ሽንት ሲመጣ ባንዴ ይመጣል። ሞዴሱ ሳይመጠው በላዩ ያልፋል። ዝናሽ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ቀየረችና ወደ ጨርቋ ተመለሰች። በመውጫው በር ስታልፍ ፈታሿ አይታ እንዳላየች ሆነች። ይህ ግን ስንት ቀን ሊቀጥል ይችላል?

በቃ ምናሴን ትቼ ራሴ ወጣሁ። አቃቂ ገበያ ውስጥ ሸምሱ የሚባል ባለሱቅ አለ፤ የስልጤ ልጅ ነው፣ ሳሙና፣ ሶፍት፣ ሞዴስና የሕፃን ዕቃ ያከፋፍላል። የአዋቂ ዳይፐር አለህ ወይ ስለው ዙሪያውን አየ፣ ከመደርደሪያው ኋላ ገባ፣ አንድ እሽግ በጥቁር ፌስታል፣ ፌስታሉን ደግሞ በሌላ ጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ አመጣልኝ።

"ሸምሱ፣ ላየው እፈልጋለሁ።"

"እዚህ? ሰው ያያል እኮ ሲስተር።"

"ይይ። የምትሸጠውን አንተስ ከፍተህ አይተኸው ታውቃለህ?"

አያውቅም። እሱ የሚያውቀው የሚጠይቀው ሰው በመጀመሪያ ማስቲካ እንደሚገዛና ሱቁ ባዶ እስኪሆን እንደሚጠብቅ ነው። ተጠቅልሎ ይሸጣል፣ ተጠቅልሎ ይወሰዳል፣ ሳይለካ ይለበሳል፣ ያፈሳል፣ ገዢውም እንዳያፍር መልሶ አይመጣም። መጥፎው ዕቃ መጥፎ መሆኑ የማይታወቀው ለዚህ ነው። ይህን ስነግረው ሸምሱ አሰበበትና፣ "ልክ ነሽ። እስከ ዛሬ አንድ ሰው ተመልሶ መጥቶ አልጮኸብኝም" አለ። ከየአከፋፋዩ አንዳንድ ናሙና እንዲሰበስብልኝ ጠየቅሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው ከእኔ ብሶ ተመራመረበት።

ሰባት ዓይነት አገኘልኝ። ክሊኒኩ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው። በትልቁ ሲሪንጅ ውኃ ለካሁ፤ ውኃው እንዲታየኝ ትንሽ ሻይ ጨመርኩበት። መሀሉ ላይ ባንዴ አፈሰስኩና ለመምጠጥ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት በሰዓቴ ያዝኩ። ጥቂት ቆይቼ ደገምኩ፣ ሠለስኩ። ከዚያ ደረቅ ሶፍት አነጠፍኩበትና ተቀመጥኩበት። ስነሳ ሶፍቱ ከረጠበ ዕቃው የመጠጠውን መልሶ ይተፋል ማለት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው አይሆንም። ካርቶኑ ላይ በትልቁ "እጅግ መጣጭ" የሚል የተጻፈበት አንዱ ጋውኔን አበላሸው።

በዚህ ፈተና አራቱ ወደቁ። የቀሩትን ሦስቱን ራሴ ለበስኳቸው፤ አንዱን ለአንድ ቀን። የመጀመሪያው በምሳ ሰዓት ላስቲኩ ጭኔን ቆረጠኝ። ሁለተኛው ፕላስቲክ ስለሆነ አላበኝ፣ ከሰዓት በኋላ በሰው ፊት ማከክ ጀመርኩ። ሦስተኛው እንደ ፓንት ከታች የሚለበስ፣ ውጪው እንደ ጨርቅ የለሰለሰ ነው። ማታ አቃቂ ከታክሲ ስወርድ ነው ለብሼው እንደዋልኩ ትዝ ያለኝ።

ዝናሽን ጠርቼ ወገቧንና ዳሌዋን ለካሁ። ትንሹ ቁጥር ነበር የሚሆናት። ለሥራ ቀን ይህን፣ ቅዳሜና እሑድ ቤት ስትሆን ደግሞ ፓንት ላይ የሚለጠፍ ስስ ፓድ ሰጠኋት፤ ለሽንት ተብሎ የተሠራውን። በአራት በአራት ሰዓት እንድትቀይር፣ በቀየረች ቁጥር ታጥባ እንድታደርቅ፣ የተላላጠው ላይ ቅባት እንድትቀባ፣ ውኃዋንም እንድትጠጣ ነገርኳት። ውኃ ጠጪ ስላት እብድ እንዳየች ሁሉ አየችኝ። ሽንት ሲወፍር ፊኛን እንደሚያስቆጣ፣ ያኔ የበለጠ እንደሚያመልጣት አስረዳኋት።

በማግስቱ ወደ ማምሻው ብቅ አለች። በሩ ላይ እንደቆመች ነው።

"እንዴት ነበር?" አልኳት።

"ሲስተር፣ ረሳሁት" አለች። "ከሰዓት በኋላ ሙሉ ረሳሁት።"

እኔም ካርቶን ላይ ከሚጻፈው ሁሉ የሚበልጥ መለኪያ ያገኘሁት የዚያን ቀን ነው።

ወሬው በምን በኩል እንደሚሄድ አላውቅም፤ በወሩ ጋሽ በቀለ መጡ። ከኮዬ ፈጬ ሠራተኛ የሚያመጡት የሰርቪስ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። በሩን ዘጉና ኮፍያቸውን በእጃቸው ያዙ።

"ሲስተር፣ ያቺ ነገር አለች አሉ።"

"የትኛዋ ነገር ጋሽ በቀለ?"

"ለሽንት የምትሆነው። ለእናቴ ነው።"

እናታቸው ካረፉ ዓመት አልፏል። ለቅሶ ደርሻለሁ፤ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ንፍሮ በልቻለሁ። ይህን ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ሜትሬን አወጣሁ።

"እናትዎ ወፈር ያሉ ናቸው?"

"እንደ እኔ ናቸው።"

"ሙሉ በሙሉ ነው የሚያመልጣቸው ወይስ ጠብ ጠብ ነው?"

"ጠብ ጠብ ነው። ሲያስላቸው። ከባድ ነገር ሲያነሱ።"

"ክላች ሲረግጡስ?"

ቀና ብለው አዩኝና መልሰው አቀረቀሩ። "እሱም አለ" አሉ።

"ኦፕሬሽን ነገር አድርገዋል?"

"ፕሮስቴት ነው ብለዋቸው ነበር።"

መዝገቤ ላይ አጎንብሼ ጻፍኩ። አልሳቅሁም፤ እስኪያልፍልኝ ድረስ ግን ቀና አላልኩም።

"ውኃ ይጠጣሉ?" አልኩ በመጨረሻ።

"ጠዋት ከወጡ እስከ ማታ አይቀምሱም።"

"ስድሳ ሰው ጭነው፣ በዚህ ፀሐይ፣ ውኃ ሳይጠጡ አዙሯቸው ቢወድቁስ ጋሽ በቀለ?"

ኮፍያቸውን አገላበጡ። "እኔም የምፈራው እሱን ነው ልጄ" አሉ። "ባለፈው ሳምንት ዓይኔ ጭልም ብሎብኝ ዳር ይዤ ቆሜያለሁ። ለተሳፋሪው ጎማ ላይ ነው አልኩ።" ከዚያ በኋላ እናታቸውን አላነሱም።

ለእሳቸው የዝናሽ ዓይነት አይሆንም። ትንሽ ነው የሚያመልጣቸው፣ ደግሞ የወንድ ከፊት ነው የሚመጣው። ሸምሱ ለወንድ የሚሠራ፣ ከፊቱ ወፍሮ እንደ ኪስ የሆነ ፓድ እንዳለ ሰምቶ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ፈልጎ መርካቶ አገኘልኝ። በሰፊ ቁምጣ ውስጥ ቦታውን ስለማይዝ ጠበቅ ያለ ፓንት እንዲያደርጉ ነገርኳቸው። ይህ ነገር ነውር የለውም፣ ቤንዚን ማደያ ሲቆሙ ይቀይሩት አልኳቸው። ውኃም መጠጣት ጀመሩ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ከሪፖርቴ አንድ መስመር ያላነበበው ቢሮ ግን አንድ ነገር አነበበ። ዝናሽ ከሥራዋ ስለማትነሳ የላይን ስድስት ምርት ጨምሯል። አቶ ሰለሞን ክሊኒክ መጡ፤ ደስ ብሏቸዋል።

"ሲስተር፣ የዝናሽን ነገር ሰማሁ፤ ለማንም አልናገርም። ጥሩ ሠርተዋል። ለሁሉም ብንሰጣቸውስ?"

"ለሁሉም ምን?"

"ይሄን ዕቃ። ለላይኑ በሙሉ። ከዚያ ካርዱን እናስቀረዋለን። የሚወጣ የለ፣ የሚገባ የለ።"

መጀመሪያ የሚቀልዱ መሰለኝ። ሰዓታቸውን ሲያዩ ግን እንዳልቀለዱ ገባኝ።

"አቶ ሰለሞን፣ ይሄ ለሚያመልጠው ሰው ነው እንጂ መሄድ ለሚችል አይደለም።"

"ልዩነቱ ምንድነው? ሥራው አይቋረጥም።"

"ልዩነቱ ሽንት ቤት ነው።"

"እርስዎ ራስዎ ነዎት እኮ የጠየቁት" አሉኝ ወጥተው ሲሄዱ።

ይህ ነው ያንገበገበኝ። ሦስት ዓመት ካርድ ጨምሩ ብዬ የሰማኝ የለም፤ ዕቃውን ሳመጣ ደግሞ ካርዱን ሊያነሱት ነው። የዘረጋሁት ሥራ ተገልብጦ በሴቶቹ ላይ ሊመጣ ነው። ቁምሳጥኑን ቆልፌ ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ሐሙስ የሱፐርቫይዘሮች ስብሰባ ነበር። ሦስተኛው አጀንዳ "የንፅህና መጠበቂያ አቅርቦት" ይላል። እኔም ተጠርቻለሁ። ዝናሽም አለች፤ የላይን ስድስት ሱፐርቫይዘር የወሊድ ፈቃድ ላይ ስለነበረች፣ ማስጠንቀቂያው እያለባትም ሥራውን ከሁሉ የምታውቀው እሷ ናት ተብላ በጊዜያዊነት ተተክታለች። አቶ ሰለሞን አጀንዳውን አስረዱ።

አንድ ዳይፐር ከቦርሳዬ አውጥቼ ፊታቸው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"ይልበሱት" አልኳቸው። "ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሳ። ሽንት ቤት ሳይሄዱ፣ እዚያው ላይ ተቀምጠው ይሥሩ። ከዚያ በኋላም ይስጡ ካሉኝ እሰጣለሁ።"

"ሲስተር፣ ይሄ ንቀት ነው።"

"እኔም የምለው ይህንኑ ነው።"

ዳር ላይ የተቀመጠው ምናሴ አሳለ። አቶ ሰለሞን እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ደብዳቤ እንደሚጽፉብኝ ተናግረው አጀንዳውን ለድምፅ ሊያቀርቡ ሲሉ ዝናሽ ተነሳች።

"እኔ እለብሰዋለሁ" አለች።

ለትእዛዙ እሺ ያለች መስሏቸው፣ "ጥሩ" አሉ።

"አይደለም። ዛሬም ለብሼዋለሁ። ሽንቴን መያዝ ስለማልችል ነው የምለብሰው። መያዝ ብችል አንድ ቀን አልለብሰውም ነበር።" ዳይፐሩን ከፊታቸው አነሳችው። "ጨርቅ ስትሰርቅ ተያዘች የተባልኩት እኔ ነኝ። የሰረቅሁት ለዚህ ነው። ወልጄ ስመለስ ሕመሙ ትንሽ ነበር። ካርድ ስጠብቅ፣ ስጠብቅ ነው የባሰብኝ። ይሄን ለጤነኛ ሰው አትስጡ።"

ተቀመጠች። የላይን ሁለት ሱፐርቫይዘር፣ በዕድሜ የምትበልጠን ሴትዮ፣ ወደ እኔ ዘንበል ብላ፣ "ሲስተር፣ ሲያልቅ አነጋግሪኝ፤ እኔንም ይዞኛል" አለችኝ፤ ቀስ ብላ የተናገረች መስሏት ነው እንጂ ሁሉም ሰምቷል።

አቶ ሰለሞን ወረቀታቸውን ገለጡና "ወደሚቀጥለው አጀንዳ" አሉ።

ጉዳዩ ዳግመኛ አልተነሳም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለየላይኑ ሁለተኛ ካርድ ተሰጠ። ማስታወቂያ አልወጣም፣ ስህተት ነበር ያለ የለም። ደብዳቤውም አልመጣልኝም። አቶ ሰለሞን ሌላ ቦታ እስኪዛወሩ ድረስ ሰላምታ አልሰጡኝም፤ እኔም አልጎደለብኝም።

ዝናሽ የፈራችው ነገር ደርሷል። ወሬው ከምሳ በፊት ፋብሪካውን አዳረሰው። ሰርቪስ ውስጥ ሁለት ቀን አጠገቧ ባዶ ነበር አሉኝ ጋሽ በቀለ። በሦስተኛው ቀን አውቶቡሱ ሞላና አንዷ ተቀመጠች። በቃ። ያንን ያህል የፈራችው፣ ሥራዋን ልታጣበት የነበረው ነገር ሁለት ቀን ነበር ዕድሜው። እኔ ግን ለእሷ ሁለቱ ቀን ስንት እንደነበር አውቃለሁ፤ ሁለቱንም ቀን ምሳዋን ክሊኒክ መጥታ ከእኔ ጋር ነው የበላችው።

እንቅስቃሴውን ሳታቋርጥ ሠራች። በዓመቱ እንደ ፓንት የሚለበሰውን ትታ ስስ ፓድ ብቻ በቃት። ዛሬም ሲያስነጥሳት ጠብ ይላል፤ ሙሉ በሙሉ ድናለች ብዬ አልዋሽም። ሱፐርቫይዘርነቱ ግን ጸናላት። ጋሽ በቀለም በሐኪማቸው ክትትል ቀስ በቀስ ተሻላቸውና በሰላም ጡረታ ወጡ። እኔ ከፋብሪካው ስወጣ በስውር የሚወስዱ ሃያ ሦስት ሰዎች በመዝገቤ ላይ ነበሩ፤ ግማሾቹ እስከ መጨረሻው ለእናቴ ነው ይሉኝ ነበር። እኔም የእናታቸውን ዳሌ ከራሳቸው ላይ እለካ ነበር።

እንግዲህ ለምትደውሉልኝ ነርሶች መልሴ ይህ ነው። የትኛው ይሻላል ብላችሁ አትጠይቁኝ። ወገብና ዳሌ ለኩ፤ በሰፊው ያፈሳል፣ በጠባቡ ይቆርጣል። የሚያመልጠው ጠብ ጠብ ይሁን ሙሉ፣ ሰውየው ቆሞ ይሥራ ተቀምጦ፣ በሥራው መሀል ለመቀየር ይችል እንደሆነ እወቁ። ካርቶን ከመግዛታችሁ በፊት አንድ አስከፍታችሁ ውኃ አፍሱበት፣ ተቀመጡበት። ሰውየውን ሐኪም ጋ ላኩ፤ ብዙው የሚሻሻል ሕመም ነው። ውኃ አትከልክሉ። ሽንት ቤት መሄድ የሚችልን ሰው ሽንት ቤት እንዲሄድ አድርጉ። ይህን ሁሉ ከማድረጋችሁ በፊት ግን የሚለብሰውን ሰው ጠይቁ። የዝናሽ ቆዳ ተላልጦ የከረመው እኔ እሷን ሳይሆን ምናሴን ስጠይቅ ነው።